«የማይለወጥ» ወይስ «የማይሻር»?

ሁለቱም ጸንቶ የሚኖርን ነገር ይገልጻሉ፤ ቦታቸው ግን ይለያያል።

«የማይለወጥ» ሰፊ ነው። ለጠባይ፣ ለዋጋ፣ ለተፈጥሮም ይሆናል። የባሕር ዳር ሰው «የጣና ከፍታ የማይለወጥ አይደለም» ቢል ትክክል ነው፤ ሐይቁ በክረምቱ ማብቂያ ሞልቶ በግንቦት ይጎድላልና። «የማይሻር አይደለም» ቢል ግን ያስቃል። ሐይቅን ማን ሾሞት ማን ይሽረዋል?

«የማይሻር» የሚሄደው በሥልጣን ከጸና ነገር ጋር ነው፦ ከአዋጅ፣ ከውሳኔ፣ ከሹመት። በ«ሹም ሽር» ውስጥ ያለው «ሽር»ም ከዚሁ «ሻረ» ከሚለው ግስ ነው። ደብዳቤ ስትጽፉ «ተሻረ» እና «ተሻሻለ» አይምታቱባችሁ፤ የተሻሻለ መመሪያ ጥቂት አንቀጾቹ ተነክተው ይቀጥላል፣ የተሻረው ግን ቀርቷል።

ስሕተት የሚበዛው ፊደሉ ላይ ነው። «የማይሻር ውሳኔ» እና «የማይሽር ቁስል» በአንድ ፊደል ይለያያሉ፤ በመጀመሪያው «ሻ» ይጠብቃል፣ በሁለተኛው «ሽ» ይላላል፣ ትርጉሙም የማይድን ነው። «ጊዜ የማይሽረው» ሲባል ግን ሻሪው ጊዜ ስለሆነ «ሽ» ተብሎ መጻፉ ልክ ነው። «የማይለውጥ»ም እንዲሁ ያሳስታል፦ «ሐሳቡን የማይለውጥ ሰው»፣ ግን «የማይለወጥ ሐሳብ»።

ሱቅ ውስጥ «አይለወጥም» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ የገዛችሁትን ጫማ በሌላ ቁጥር አንቀይርም ማለታቸው ነው።

«ቋሚ»ስ? ለሠራተኛና ለአድራሻ ይበቃል። ቋሚ ሠራተኛም ቢሆን ይሰናበታል፣ ስለዚህ በ«የማይለወጥ» ምትክ አትጠቀሙበት።