የሰፈራችን ሴፍቲኔት፦ ከእናቴ ጋር ሁለት ዓመት

እናቴ የከተማ ሴፍቲኔት፣ ድሃ ቤተሰብ የአካባቢ ሥራ ሠርቶ ክፍያ የሚያገኝበት የመንግሥት ፕሮግራም፣ ተጠቃሚ ከሆነች ሁለት ዓመት አለፋት። ደብተሯን የምይዝላት እኔ ነኝ። ባንክ አብሬያት እሰለፋለሁ፤ ቅሬታ ሲኖር ማመልከቻውን እጽፋለሁ። ስለ ሆቴልና ስለ ስልክ ብዙ ሰው አስተያየቱን ይጽፋል። ስለዚህ አገልግሎት ግን ጎንደር ላይ የጻፈ ሰው አላጋጠመኝም። ዛሬ ያስነሣኝ ባለፈው ወር በሰፈር ስብሰባ ላይ የተነገረ «ተጠቃሚ ሁሉ የሱስ ምርመራ ያድርግ» የሚል ሐሳብ ነው። እሱ ጋ ከመድረሴ በፊት አገልግሎቱ ራሱ እንዴት እንደሆነ ልናገር።

ሥራው ጥሩ ነው። ይህን በሙሉ አፌ ነው የምለው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስም ይጠራል። ያልተገኘ የዚያን ቀን ክፍያ አያገኝም። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አስራ፣ መጥረጊያዋን ይዛ ገና ሳይነጋ ትወጣለች። የእሷ ቡድን መንገድ ይጠርጋል፣ ቦይ ያጸዳል፣ ክረምት ሲገባ ችግኝ ይተክላል። ጎንደርን የሚያውቅ ሰው ቦይ ማለት ምን እንደሆነ ይገባዋል። ከተማችን ዳገትና ቁልቁለት ናት። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲወርድ ፌስታሉንና አፈሩን ጠራርጎ ወደ ቀሃና ወደ አንገረብ ወንዞች ይነዳዋል። ቦዩ ከተደፈነ ግን መንገዱን የሚያደርገው በሰው ቤት ውስጥ ነው። ሁለት ክረምት ጎረቤታችን ፍራሻቸውን አጥር ላይ ሲያሰጡ አይቻለሁ። ባለፈው ክረምት ውኃ ቤታቸው አልገባም። ያንን ቦይ የጠረጉት እናቴና ጓደኞቿ ናቸው።

ምልመላውም ከጠበቅኩት የተሻለ ነበር። የሰፈር ሰዎች ኮሚቴ ሆነው ቤት ለቤት ዞሩ። ስማችን ከሌሎቹ ጋር ተለጠፈ፤ ተቃውሞ ያለው እንዲናገር ተባለ። ቤት የሚያከራይ ሰው ስም ወጥቶ ነበር። ሰፈሩ ተናገረ፤ ስሙ ተሰረዘ። ጎረቤት ጎረቤቱን ያውቃል።

ከክፍያው 20 በመቶው ቁጠባ ነው። መጀመሪያ እናቴ ከፍቷት ነበር። አሁን ደብተሩን እያስነበበችኝ ትደሰታለች። ፕሮግራሙ ለዘላለም አይደለም፤ ቆይታው ሲያልቅ በዚያ ቁጠባና በሚሰጠው የሥራ መነሻ ገንዘብ እንጀራ ጋግራ ልትሸጥ አስባለች።

የማዝንበት ክፍያው ነው። አንድ ጊዜ ሁለት ወር ዘገየ። ስንጠይቅ «ሲስተም የለም» ተባልን። በሳምንቱ ስንመለስም «ሲስተም የለም»። እነዚያን ሁለት ወራት የኖርነው በዱቤ ነው። ባለሱቁ ደግ ሰው ባይሆን ኖሮ ምን እንሆን እንደነበር አላውቅም። ቅሬታ አስገባሁ፤ መልስ የመጣው ብሩ ከገባ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ስብሰባው። አጀንዳው የተጠቃሚዎች ዝርዝር ማጣራት ነበር። አንድ የማከብራቸው ጋሼ ተነሡ። «የመንግሥት ብር አረቄ ቤትና ጫት ቤት እየገባ ነው። ብሩን የሚቀበል ሁሉ በየጊዜው ይመርመር። ሱስ የተገኘበት ይሰረዝ» አሉ። ብዙ ሰው አጨበጨበ። እናቴ አጠገቤ አንገቷን ደፋች። በሕይወቷ አረቄ ቀምሳ አታውቅም። ያሳፈራት የጭብጨባው ድምፅ ነበር።

እኔ ምርመራውን አውቀዋለሁ። ወንድሜ ለሹፌርነት ሲያመለክት ድርጅቱ የዕፅ ምርመራ አምጣ አለው። ወደ አንድ የግል ላብራቶሪ ሄድን። ዋጋው እናቴ በብዙ ቀን ጥርጊያ የምታገኘው ነው። ሽንት ቤቱ መቀርቀሪያ የለውም። ውጤቱን ሰው በተሰበሰበበት ስሙን ጠርተው ነገሩት። ውጤቱ «ነጻ» ነበር። ወንድሜ ግን እስከ ዋዜማው ድረስ ሲቅም ነው የሰነበተው!

ገረመኝና ባለሙያውን ጠየቅኩት። ለእሱ አመሰግናለሁ፤ በትዕግሥት አስረዳኝ። ያ ስትሪፕ፣ ሽንት ውስጥ የሚነከረው መመርመሪያ፣ የሚፈልገው ሀሺሽን፣ ኮኬይንን፣ እንደ ሄሮይንና ሞርፊን ያሉትን፣ አምፌታሚንንና መሰሎቹን ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ለብቻው አልተካተተበትም። አረቄም አይታይበትም። አልኮል በሰዓታት ውስጥ ከሰውነት ስለሚወጣ ማታ የሰከረ ሰው በማግስቱ ከሰዓት ተመርምሮ ነጻ ሊባል ይችላል። ሀሺሽ ግን ዘወትር በሚያጨስ ሰው ሽንት ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል። አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒትም ስትሪፑን ያሳስተዋል። እርግጠኛ ለመሆን በሌላ መሣሪያ መድገም ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ዋጋው ሌላ ነው።

እንግዲህ አስቡት። በእኛ ሰፈር ቤት የሚያፈርሰው አረቄ ነው። ሁላችንም እናውቀዋለን። ምርመራው አረቄን አያይም። ጫትም በአገራችን በሕግ አልተከለከለም። ታዲያ ማንን ልንይዝ ነው?

ነገሩ ሌላ አገር ተሞክሯል። አክስቴ ፍሎሪዳ ነው የምትኖረው። ስነግራት «እዚህም አድርገውት ነበር» አለችኝ፤ ከዚያ እኔም አነበብኩ። በፈረንጆች 2011 ፍሎሪዳ ውስጥ ለድሃ ቤተሰብ የሚሰጠውን የገንዘብ ድጋፍ የሚጠይቅ ሁሉ የዕፅ ምርመራ እንዲያደርግ ሕግ ወጣ። ወጪውን መጀመሪያ አመልካቹ ከኪሱ ይከፍላል፤ ነጻ ከሆነ ይመለስለታል። ጥቂት ወራት ሠራበት። ከ4,086 ተመርማሪዎች ዕፅ የተገኘባቸው 108 ነበሩ፤ 2.6 በመቶ ማለት ነው። ግዛቱ ነጻ ለወጡት የመለሰው ገንዘብ ከ118,000 ዶላር በላይ ሆነ፤ ድጋፉን ከተከለከሉት ሰዎች ከተቆጠበው ብር ይበልጣል። ልጁን ለብቻው የሚያሳድግ፣ ባሕር ኃይል ያገለገለ አንድ ተማሪ «ምንም ሳላጠፋ ለምን እፈተሻለሁ» ብሎ ከሰሰ። ሕጉ በዚያው ዓመት ታገደ። የይግባኝ ፍርድ ቤትም በ2014 ሕጉ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል የሚለውን ውሳኔ አጸናው። ድህነት ብቻውን ሰውን ለመጠርጠር አይበቃም ነው ነገሩ።

ይህን ሳነብ እናቴ ደፍታው የነበረው አንገቷ ትዝ አለኝ። አስተማሪ ደመወዙን ሲቀበል ሽንት ስጥ አይባልም። እናቴም ብሩን በነጻ አልወሰደችም፤ ቦይ ጠርጋ ነው። ሰካራም ሰው 12 ሰዓት ተኩል ላይ በየቀኑ ስሙ ሲጠራ «አለሁ» ማለት አይችልም። የስም ጥሪው ራሱ ይበቃል።

ሌላም አለ። የሚመዘገበው ቤተሰቡ ነው። አባት ቢጠጣና ቤቱ ቢሰረዝ ምሳ ዕቃዋ ባዶ የሚሆነው ትምህርት ቤት የምትሄደው ልጅ ናት። ስብሰባው ላይ እጄን አውጥቼ ይህንኑ ተናገርኩ። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለምርመራው የሚወጣው ብር ክፍያው እንዳይዘገይ ይዋል አልኩ። ጉዳዩ በቃለ ጉባኤ ተይዞ ለሚቀጥለው ተላለፈ።

ለአገልግሎቱ ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል እሰጠዋለሁ። ለሥራውና ለምልመላው ሙሉ ነጥብ ይገባዋል። የጎደለው ለክፍያው መዘግየትና ለቅሬታ አያያዙ ነው። ልመዝገብ የምትሉ መታወቂያችሁን አድሱ፤ ኮሚቴው ሲመጣ ቤት ተገኙ፤ ስማችሁ ከቀረ ዝም አትበሉ፣ በጽሑፍ ጠይቁ። ምርመራ ከተጀመረ ግን ከሦስት ተኩሉ ላይ ብዙ እቀንሳለሁ። እናቴም ሥራውን ትተዋለች ብዬ እፈራለሁ።

ከስብሰባው ስንወጣ ጋሼ መንገድ ላይ ጠበቁኝ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። «ልጄ፣ እኔ እኮ ክፋት አስቤ አይደለም» አሉኝ። ታላቁ ልጃቸው አረቄ ቤት ነው የሚያድረው። ሚስቱ ተጠቃሚ ናት፤ ብሯን ይቀማታል። ጠበል ሁለት ጊዜ ወስደውታል፤ ተሽሎት ተመልሶ ገባበት። «ታዲያ ምን ላድርገው?» አሉኝ። እኔ ምን አውቃለሁ! ብቻ አገልግሎቱ ቢኖረው ብዬ የተመኘሁት ይህን ነው፤ እንዲህ ያለ ቤት ሲገኝ ስሙን ከመሰረዝ ይልቅ እጁን ይዞ ወደ ሕክምና የሚወስድ ሰው። የባልየውን ጥፋት ትተው ብሩ በሚስትየው እጅ መግባቱን የሚከታተሉ ሰዎች።

ሰኞ ዕለት ከጋሼና ከልጃቸው ጋር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሄድን። ልጁ መንገዱን ሙሉ አልተናገረም። ካርድ አወጣንለት። ቀጠሮው ሐሙስ ነው፤ ጋሼ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በራችን ድረስ መጥተው እንደሚጠሩኝ ነግረውኛል።