ስኳር፣ ግፊት ወይም የልብ ሕመም እያለ ጥርስ ማንጣት፦ በጅማ የትኛውን ልምረጥ?

ጅማ ኖሮ ጥርሱ ያልበለዘ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ጠዋትም ማታም ከአቦል እስከ በረካ ይጠጣል፤ በመሐል ጫቱ አለ። ስለዚህ ታላቅ እህቴ ልጇን ልትድር ስትል «ጥርሴን ላስነጣ ነው» ማለቷ አልገረመኝም። ያሳሰበኝ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስድ መሆኗ ነበር።

አብሬያት ዞርኩ። የመጀመሪያው ክሊኒክ የጠየቀን የሰርጉን ቀን ብቻ ነው። ሁለተኛው ዘንድ ስንሄድ ሐኪሟ «የሚወስዱትን መድኃኒት ይዘዋል?» አለቻት። እህቴ ከቦርሳዋ ፌስታሉን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ሐኪሟ አንዱን እሽግ አነሳች፤ አምሎዲፒን የሚባለው የግፊት መድኃኒት ነው። ከዚያ የእህቴን ከንፈር ገልጣ ያበጠውን ድድ አየችና «ይህ መድኃኒት አንዳንድ ሰው ላይ ድድ ያሳብጣል። መጀመሪያ እሱን እንየው» አለች። እኔ ለክሊኒክ መምረጫ ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላውቅም፤ ፌስታልዎን የማይጠይቅ ቦታ ገንዘብዎን አይስጡ።

ወደ ምርጫዎቹ ልምጣ። መጀመሪያ መታየት ያለበት ጥርስ ማሳጠብ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ከማንጣት ጋር ያምታታዋል። እጥበት የጠጠረውን ቆሻሻ፣ የቡናና የሻይ ቅላቱን ከላይ ያነሳል እንጂ የጥርሱን የራሱን ቀለም አይለውጥም። ለቡና ጠጪ ይህ ብቻውን የሚበቃበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በዋጋም ከማንጣት ይቀላል። ነገር ግን ድድ ስለሚነካ ይደማል። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት፤ መድኃኒቱን ግን በራሱ ውሳኔ እንዳያቋርጥ። ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ያለው፣ ወይም የልብ ውስጠኛ ሽፋን ኢንፌክሽን ይዞት የነበረ ሰው ደግሞ ከእጥበቱ በፊት አንቲባዮቲክ ሊታዘዝለት ይችላል። ስኳሩ ከፍ ብሎ የቆየ ሰው ድዱ ቶሎ ስለማይድን መጀመሪያ ስኳሩን ቢያስተካክል ይሻለዋል።

ቀጥሎ ዋናው ፉክክር አለ፦ ክሊኒክ ወንበር ላይ በአንድ ቀን ማንጣት፣ ወይም በጥርስዎ ልክ የተሠራ፣ ማንጫ ጄል የሚሞላበት ቅርጽ ወስዶ ማታ ማታ ቤት ውስጥ ማንጣት።

የወንበሩ ፈጣን ነው። የሚቀባው ጄል ከ25 እስከ 40 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የተባለ ማንጫ ኬሚካል ይይዛል፤ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ድዱ በደንብ ካልተሸፈነ ያቃጥለዋል፤ የተቃጠለው ቦታ ነጭ ሆኖ ያሳክካል። በተጨማሪም አፍ ተከፍቶ ረጅም ጊዜ በጀርባ መተኛትን ይጠይቃል፤ ይህ አስም ላለበት ወይም ሲተኛ ትንፋሽ ለሚያጥረው የልብ ሕመምተኛ አድካሚ ነው። ሰማያዊው መብራት ደግሞ ብዙ ይወራለት እንጂ በመጨረሻው ውጤት ላይ የሚጨምረው ትንሽ ነው።

የቤቱ ዘገምተኛ ነው። ብዙውን ጊዜ 10 በመቶ ካርባማይድ ፐርኦክሳይድ ይሰጣል፤ ይህ ወደ 3.5 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ማለት ነው። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይወስዳል፤ ልክ ለማስወሰድና ቅርጹን ለመቀበል ቢያንስ ሁለት ጊዜ መመላለስ ያስፈልጋል። ጥቅሙ ጥርስ ሲጠዘጥዝ አንድ ሁለት ሌሊት አቁሞ መቀጠል መቻሉ ነው። መብራት ቢጠፋም አይቋረጥም፤ ለእኛ ከተማ ይህም ቁም ነገር ነው። የቆየ ሕመም ላለበት ሰው እኔ ያለማመንታት ይህን እመርጣለሁ፤ ሰርጉ ነገ ካልሆነ በስተቀር። ነገ ከሆነም እጥበቱ ይበቃል።

ከሱቅ የሚገዛውን ጥርስ ላይ የሚለጠፍ ማንጫ፣ ሎሚና ከሰል አላወዳድርም። ሎሚ የጥርስን ጠንካራ የላይ ሽፋን (ኢናሜል) በአሲድ ይበላል፤ ከሰል ይፍቃል። መፋቂያችን ከሁለቱም ይሻላል።

ጨርሶ ማቆየት ያለባቸውም አሉ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ይቆዩ። የተቦረቦረ ጥርስ ያለው መጀመሪያ ያስሞላ። በአካባቢያችን ለወባ ፕሪማኩዊን ሲታዘዝለት የጂ ሲክስ ፒዲ ኢንዛይም እጥረት እንዳለበት የተነገረው ሰው ይህን ለጥርስ ሐኪሙም ይንገር፤ ፐርኦክሳይድ ለእሱ አይመከርም።

ከወንጂ፣ ከመተሐራ ወይም ከሌላ የስምጥ ሸለቆ አካባቢ ለትምህርት ወይም ለሥራ የመጣችሁ ደግሞ ቡናማው ቀለም ከቡና ሳይሆን በልጅነት ከተጠጣው ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ ሊሆን ይችላል። ማንጣት ብቻውን ላይጠራው ይችላል፤ ነጫጭ ነጥቦቹንም ለጊዜው ሊያጎላቸው ይችላል። በልጅነት በተወሰደ ቴትራሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክ የጠቆረ ጥርስም ለመንጣት ወራት ይፈልጋል። እነዚህ ሁለቱ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ክፍል ሄዶ ማማከር የሚገባቸው ናቸው።

ዋጋ ስትጠይቁ ምርመራው፣ እጥበቱና ቅርጹ ተካትተው እንደሆነ ለይታችሁ ጠይቁ። የጄሉን መቶኛም እሽጉ ላይ አንብቡ፤ ሊያሳያችሁ ያልፈለገ ካለ ተነሱ።

እህቴ ታጠበች፤ ግፊቷን የሚከታተላት ሐኪም መድኃኒቷን ቀየረላት፤ ከዚያ ቅርጹን ወሰደች። በእነዚያ ሳምንታት ቡና እንድትቀንስ ስትባል «ሰርግ እየደገስኩ?» ብላ ተቆጥታ ነበር። አንድ ነገር ግን ቀድመን ሳንጠይቅ ቀረን፦ ከዓመታት በፊት ያስገጠመችው የፊት ጥርስ በጄል አይነጣም። ጎረቤቶቹ ሲነጡ እሱ በቢጫነቱ ቀረ። የሰርጉ ቀን ፎቶ አንሺውን ጠርታ «በቀኝ በኩል ብቻ አንሳኝ» ስትለው ሰማኋት።