ሲሰበር ማን ይጠግነዋል? ከአሮጌ የብረት ፍሬም ጋር 14 ወር በጎንደር

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ቡና ልጠጣ ስቆም አንድ ልጅ መጥቶ ኮርስ ሳይክሌን፣ ያቺን የውድድር ዓይነት ብስክሌቴን፣ በአንድ እጁ ብድግ ሊያደርጋት ሞከረ። አልተነሳችለትም። "ጋሼ፣ ይቺ እኮ ድንጋይ ናት" አለኝ። አልተሳሳተም። ፍሬሙ ከነፎርኩ (የፊት ጎማውን ከሚይዘው ሹካ ጋር) ወደ 3 ኪሎ ይጠጋል። "ለምን ቀለል ያለ አልገዛህም?" ሲለኝ ግን መልሱ ረጅም ሆነብኝና ቡናዬ ቀዘቀዘ። እዚህ ልጻፈው።

ቀለል ያለ ነበረኝ። አልሙኒየም፣ ሰልባጅ ሆኖ የመጣ፣ ሲያዩት የሚያምር። ሁለት ዓመት ሳይሞላው የታችኛው ቱቦ ከፔዳሉ ኩሽኔታ ቤት ጋር የሚገናኝበት ብየዳ ላይ ፀጉር የምታክል መስመር አየሁ። ቆሻሻ መስላኝ በጨርቅ ጠረግኳት። አልጠፋችም። በአርጎን የሚበይድ ሰው አፈላልጌ አስበየድኩት፤ ሥራው ንጹህ ነበር፣ ሰውየውን አልወቅሰውም። በሦስተኛው ሳምንት ከብየዳው አጠገብ፣ ደህና በነበረው ቦታ ተሰነጠቀ።

ምክንያቱ የገባኝ ገንዘቤ ካለቀ በኋላ ነው። ብዙ ፍሬም የሚሠራበት 6061 የሚባለው አልሙኒየም ጥንካሬውን የሚያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በምድጃ ነው። ስትበይደው እሳቱ የነካው ዙሪያ ያንን ጥንካሬ ያጣል፤ እንዲመለስ ከተፈለገ ፍሬሙ በሙሉ እንደገና ምድጃ መግባት አለበት። እኔ የማውቃቸው በያጆች በርና መስኮት ነው የሚሠሩት። ለፍሬም የሚሆን ምድጃ ከየት ያመጡልኛል?

ስለዚህ ሁለተኛውን ስፈልግ ጥያቄዬ ተቀየረ። ስንት ኪሎ ነው ሳይሆን፣ ሲሰበር ሰፈሬ ውስጥ ማን ይጠግነዋል? ይህን ስትጠይቁ መልሱ ራሱ ወደ ብረት ይወስዳችኋል። ሌላም ነገር አለ። ብረት የሚያርፍበት ጫና ከተወሰነ ልክ በታች እስከሆነ ድረስ ሚሊዮን ጊዜ ብታንገጫግጩት አይደክምም። አልሙኒየም እንዲህ ያለ ልክ የለውም፣ ትንሽም ቢሆን እየተጠራቀመበት ይሄዳል። ፋብሪካዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ወፍራም ቱቦ ይጠቀማሉ፤ በጥሩ አስፋልት ብዙ ዓመት የሚያገለግል አልሙኒየም ሞልቷል። የእኔ መንገድ ግን በየቀኑ ኮብልስቶን አለው። የካርቦን ፋይበር ፍሬምን አላሰብኩትም፤ ያገለገለ ካርቦን ውስጡ መጎዳቱን በዓይን ለመለየት ከባድ ነው፣ ለኪሴም አይሆንም።

በጀቴ ለሙሉዋ ብስክሌት 20,000 ብር ነበር። ፍሬሙን ያገኘሁት አራዳ ገበያ አካባቢ አንድ መካኒክ ጣራ ላይ ተሰቅሎ ነው። የሆነ ሰው የግቢ በር ቀለም ቀብቶታል፣ ያውም አረንጓዴ። 8,500 ተባልኩ፣ በ6,000 ተስማማን። ቀለሙ ነው ያስቀነሰልኝ፤ አስቀያሚ ቀለም የድሃ ወዳጅ ነው።

ከመክፈሌ በፊት ያደረግሁትን ልንገራችሁ፣ እዚህ ላይ ነው ገንዘብ የሚተርፈው ወይ የሚጠፋው። መጀመሪያ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ይዤ ሄድኩ። ከያዘ ብረት ነው። ቀጥሎ ጣቴን ከመሪው በታች፣ የታችኛውና የላይኛው ቱቦ ከፊተኛው አጭር ቱቦ ጋር ከሚገናኙበት ትንሽ ወረድ አድርጌ በዝግታ ጎተትኩ። ብስክሌቷ ከፊት ተጋጭታ ከሆነ እዚያ ጋ እብጠት ወይም የተሸበሸበ ቀለም ታገኛላችሁ። ዓይን ያልፈዋል፣ ጣት ግን አያልፈውም። ከዚያ ሲባጎ። ከኋላ ጎማው ከሚታሰርበት አንዱ ጎን ጀምሬ፣ በመሪው ቱቦ አዙሬ፣ ወደ ሌላው ጎን መልሼ ወጠርኩት። ከሲባጎው እስከ ኮርቻው ቱቦ ያለው ርቀት በግራም በቀኝም እኩል መሆን አለበት። የእኔ 1 ሚሊ ሜትር ተለያየ፤ ቸል አልኩት።

"ክሮሞሊ ነው" (ክሮሚየምና ሞሊብዲነም የተጨመረበት ጠንካራ ብረት) ይሏችኋል፣ ስቲከርም ያሳዩአችኋል። ስቲከር ማንም ይለጥፋል። እኔ የኮርቻውን ዘንግ አስወጥቼ ውፍረቱን ለካሁ፤ የቱቦው የውጭ ልክ ብዙ ጊዜ አንድ ስለሆነ፣ ዘንጉ በወፈረ ቁጥር የቱቦው ግድግዳ ስስ ነው። በድሮዎቹ የብረት ፍሬሞች 27.2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ብዙ ጊዜ ቱቦው ስስና ጥሩ ብረት ነው፤ 25.4 ከሆነ ግን ግድግዳው ወፍራም፣ የውሃ ቧንቧ ዘመድ ነው ማለት ነው። የእኔ 26.6 ወጣ። መካከለኛ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ከፋኝ፣ ኋላ ግን እንደሚጠቅመኝ አላወቅሁም ነበር። የፔዳሉ ኩሽኔታ ቤት ደግሞ ጥርሱ ያልተበላና 68 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የተለመደው የእንግሊዝ ዓይነት መሆኑን አየሁ። ያ ጥርስ ከተበላ ፍሬሙን በነጻም ቢሰጧችሁ ተዉት።

የኋላ ጎማው መሃል የሚገባበት ክፍተት 126 ሚሊ ሜትር ነበር፣ የድሮ ልክ። ገበያ ላይ ያገኘሁት ጎማ ግን መሃሉ፣ ዘንጉ የሚያልፍበት፣ 130 ነው። በብረት ይህ ችግር አይደለም፤ በየጎኑ 2 ሚሊ ሜትር በእጅ ከፈት አድርጋችሁ ታስገባላችሁ። በአልሙኒየም ግን እንዳትሞክሩት።

አንድ ነገር ላስገባ። ልክ። ርካሽ ሆኖ የማይሆናችሁ ፍሬም ርካሽ አይደለም። ጓደኛዬ በጣም የሚያምር ብረት በግማሽ ዋጋ አገኘና ሁለት ቁጥር የሚበልጠውን ገዛ፤ አሁን ግድግዳ ላይ ነው የሚጋልበው።

ወደ ኑሮው ልምጣ። ሥራዬ አዘዞ ነው፣ ቤቴ ከፒያሳ ብዙ አይርቅም። ጠዋት ቁልቁል ነው፣ ደስ ይላል። ማታ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ዳገት ነው፣ ያውም ባጃጅ እየታከከኝ፣ ያውም ከፍታው 2,000 ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ስለሆነ አየሩ ራሱ ቆጠብ ብሎ ነው የሚሰጠው። ብረቱ የሚከብደኝ እዚያ ነው። ግን በሚዛን ስናየው ከድሮው ልዩነቱ 1 ኪሎ ቢሆን ነው፤ የእኔ ቦርሳ ብቻ ከዚያ ይበልጣል። በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሳተፍ ብስክሌተኞችም ነበሯት፣ ያኔ የውድድር ፍሬም ማለት ብረት ነበር። እነሱ ተወዳድረውበት እኔ ሥራ ልሂድበት ብል ምን አለበት?

ኮብልስቶኑን 28 ሚሊ ሜትር ጎማ አድርጌ ነው የቻልኩት። ይህንንም ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ፤ አንዳንዱ ኮርስ ፍሬም ከ25 በላይ አያስገባም፣ እጃችሁ ሲደነዝዝ ይገባችኋል።

ከዚያ ክረምት መጣ። ሐምሌና ነሐሴ ውሃ ከላይም ከታችም ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከፔዳሉ በኩል የመፍጨት ድምፅ ሰማሁና ስናስፈታው ግማሽ ስኒ የሚሆን ዝገት የመሰለ ውሃ ፈሰሰ። ውሃው በኮርቻው ዘንግ በኩል ወርዶ እዚያ ተኝቷል። ኩሽኔታውን ቀየርን፣ መካኒኩ ቤቱን ከሥር በትንሽ መሰርሰሪያ በስቶ ለውሃው መውጫ ሠራለት፣ ቱቦዎቹ ውስጥም የሞተር ዘይት ጨምረን ፍሬሙን አገላበጥነው። ሁለት ቀን ቤቴ ወለል ላይ ዘይት ተንጠባጠበ። ባለቤቴ ስለዚህ ያለችውን አልጽፍም። ብረት ከገዛችሁ ይህን ሥራ ከሰኔ በፊት ጨርሱት።

በአሥረኛው ወር ደግሞ የኋላ ዕቃ መጫኛው የሚታሰርባት ትንሽ ቀለበት ተቆረጠች። ጤፍ ጭኜ ነበር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሰፈራችን ያለው በያጅ በኤሌክትሪክ ሊመታው ሲነሳ አስቆምኩት፤ ስስ ቱቦ አጠገብ ኤሌክትሪክ ቶሎ ይበሳል። "እሺ በጋዝ፣ በነሐስ ላድርግልህ" አለኝ። ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም፣ 200 ብር። አራት ወር ሆነው፣ ንቅንቅ አላለም። "ቱቦው ትንሽ ወፈር ማለቱ ነው የበጀህ" ሲለኝ ያ ያስከፋኝ 26.6 ትዝ አለኝ።

አሁን የቀረኝ አንድ ጣጣ ነው፣ እሱም በራሴ ስንፍና የመጣ። የኮርቻውን ዘንግ ግራሶ ሳልቀባ ነበር ያስገባሁት። ዘንጉ አልሙኒየም፣ ፍሬሙ ብረት፣ መሃል ላይ የክረምት ውሃ፤ ሁለቱ ተጣብቀው አንድ ሆነዋል። መካኒኩ በእሳት እናሙቀው ይላል። እኔ አልቀበልም፤ አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል፣ ይበልጥ ነው የሚነክሰው። ሳምንት ሙሉ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አጠጥቼዋለሁ። ቅዳሜ ከጭማቂ ቤት በረዶ ለምነን ዘንጉን አቀዝቅዘን ለሁለት ልንጠመዝዘው ተቀጣጥረናል። እስከዚያው ኮርቻዬ 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እንዳለ ነው፣ የአዘዞን ዳገት ጉልበቴን አጥፌ እየወጣሁት ነው።