ለቤተሰብ የመጀመሪያ ጉዞ፦ አንድ ትልቅ ድንኳን ወይስ ሁለት ትናንሽ?

ልጆች ይዞ ጣና ዳር ወይም ጮቄ ተራራ ላይ ለማደር ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው ጥያቄ ይህ ነው።

ዋጋ፦ ትልቁ በአንድ ጊዜ ብዙ ያስወጣል። ከትናንሾቹ ግን አንዱን ገዝቶ ሌላውን መዋስ ይቻላል።

ስፋት፦ «ለ4 ሰው» የሚለው ጽሑፍ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ለሚተኛ ነው፤ ሻንጣ አይቆጠርም። አራት ከሆናችሁ የ6 ሰው ፈልጉ።

ነፋስና ብርድ፦ ልዩነቱ የሚሰፋው እዚህ ላይ ነው። የጣና ዳርቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ሲሆን የጮቄ ጫፍ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ጅብራ የተባለው የከፍታ ተክል ከሚበቅልበት የጮቄ ገላጣ ሜዳ ላይ ረጅም ድንኳን ነፋሱን በሙሉ ጎኑ ይቀበላል፤ ካስማውም ከረጠበ አፈር በቀላሉ ይነቀላል። ዝቅ ያለው ይጸናል፤ ውስጡም በትንፋሽ ቶሎ ይሞቃል።

የትኛውንም ብትመርጡ ከሥር ለሚነጠፈው አትሰስቱ። መሬት የሰውነትን ሙቀት ይስባልና ወፍራም ስፖንጅ ከሌለ ሁለት ጋቢ መደረብም አያድንም። የከሰል ምድጃ ግን ድንኳን ውስጥ ፈጽሞ አታስገቡ፤ የማይታየው ጋዝ በእንቅልፍ ላይ ይገድላል።

ልጆቹ ሕፃናት ከሆኑ፣ ሌሊት እናታቸውን የሚፈልጉ ከሆነና መኪናው አጠገብ ድረስ የሚገባ ከሆነ ትልቁ ይሻላል። ልጆቹ ከፍ ካሉና ጉዞው ወደ ጮቄ ከሆነ ሁለቱን ትናንሽ ያዙ፤ በበቅሎ ሲጫኑም ግራና ቀኙ ይመጣጠናል።