የኒያ ቤይ የማካ ሙዚየም፦ ከልጄ ጋር የዋልንበት ቀን

ባለፈው ሐምሌ ከልጄ ጋር ዓሣ ነባሪ ለማየት በጀልባ ወጥተን ነበር። አስጎብኚው ስለ ግራጫው ዓሣ ነባሪ ደስ በሚል አንደበት ሲያስረዳ ቆየና አንዲት ሴት ዓሣ ነባሪ ሲያድን ስለኖረው የአካባቢው ነባር ሕዝብ፣ ስለ ማካዎች፣ ስትጠይቀው «እነሱማ ዛሬም መግደል ነው የሚፈልጉት» ብሎ ዘጋው። የ11 ዓመቱ ልጄ እስከ ቤት ድረስ እየተናደደ መጣ። እኔን ግን ነገሩ ከነከነኝ። ነሐሴ ላይ ልጄን ይዤ ከሲያትል ከአራት ሰዓት በላይ ነድቼ የዋሽንግተን ግዛት ጥግ ላይ ወዳለችው ኒያ ቤይ ሄድኩ።

ሙዚየሙ የማካዎች የራሳቸው ነው፤ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ብዙው ዕቃ የተገኘው ኦዜት ከምትባል የጥንት የማካዎች መንደር ነው። መንደሩን ከመቶዎች ዓመታት በፊት የጭቃ ናዳ ከነቤቶቹ ቀብሮት፣ በ1970 ማዕበል ዳርቻውን ሲሸረሽረው ብቅ አለ። ጭቃው አየር ስላላስገባ እንጨቱም ቅርጫቱም ሳይበሰብስ ቆይቶ ከ55,000 በላይ ዕቃ ወጥቷል።

ከሁሉም አንዱ ፊት ቆሜ ቀረሁ። ከዝግባ የተቀረጸ የዓሣ ነባሪ የጀርባ ክንፍ ነው፤ ኦተር የሚባለው የባሕር አውሬ ጥርስ ከ700 በላይ ተሰክቶበታል፣ አንድ በአንድ፣ በመስመር። ስንት ክረምት እንደፈጀ እያሰብኩ ጎንበስ ብዬ አየሁት። ይህን የሠራ ሰው ዓሣ ነባሪን ያከብር ነበር፤ ሌላ ማስረጃ አልፈለግሁም። አዳኞቹ ከመውጣታቸው በፊት ይጾሙ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠቡ፣ ይጸልዩ ነበር። ባልየው ባሕር ላይ ሳለ ዓሣ ነባሪው እንዲረጋ ሚስትየዋ ቤት ውስጥ ሳትነቃነቅ ትተኛለች። ጾም በሚጾምበት ቤት ላደግሁት ለእኔ ይህ ሩቅ አልሆነብኝም።

ታንኳዎቹ ጋ ልጄ ዝም አለ። የተወጋው ዓሣ ነባሪ ጠልቆ እንዳያመልጥ ከባሕር እንስሳ ቆዳ የተሰፋ፣ በአየር የተነፋ አቁማዳ ከጦሩ ጋር ይታሰራል። ሲሞት ደግሞ አንዱ ዘሎ ውሃ ውስጥ ይገባና እንዳይሰጥም አፉን ይሰፋዋል።

ማካዎች በ1855 አብዛኛውን መሬታቸውን ለአሜሪካ መንግሥት ሲለቁ ዓሣ ነባሪ የማደን መብታቸውን በውሉ አንቀጽ 4 አስጽፈዋል። የውጫሌን አንቀጽ 17 እየሰማን ላደግን ሰዎች አንድ አንቀጽ ምን ያህል እንደሚመዝን መንገር አያስፈልግም። የንግድ መርከቦች ዝርያውን ሊጨርሱት ሲደርሱ፣ በ1920ዎቹ ማካዎች ራሳቸው ማደን አቆሙ። እኔን ከሁሉ የነካኝ ይኸኛው ነው። ዝርያው አገግሞ በ1994 ለመጥፋት ከተቃረቡት መዝገብ ሲወጣ መብታቸውን መልሰው ጠየቁ፤ በ1999 ግንቦት ላይ አንድ ገደሉ። ጦሩ ከታንኳ ተወረወረ፣ ስቃዩ እንዳይረዝም ደግሞ ወዲያው በከባድ ጠመንጃ ተመታ።

የዚያ ዓሣ ነባሪ አጽም ሙዚየሙ ውስጥ ከጣሪያ ተንጠልጥሏል። አጥንቱን አጽድተው የገጣጠሙት የመንደሩ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። «እማዬ፣ ተማሪዎች ናቸው እንዴ የሠሩት?» አለኝ ልጄ። «አዎ የኔ ጌታ» አልኩት። ከዚያ የጎድን አጥንቱን መቁጠር ጀመረ፣ ሲሳሳት እንደገና፣ ሲሳሳት እንደገና።

እኔም ለዓሣ ነባሪዎቹ እሰጋለሁ። በ2016 ወደ 27,000 የነበሩት ግራጫዎች በ2023 ወደ 14,500 ወርደዋል፤ በአርክቲክ የሚመገቡት እየጠፋ ብዙዎቹ ከስተው ባሕር ዳር ወድቀዋል። ይህን ያደረገ የማካ ታንኳ የለም። ማካዎች በ2005 ላቀረቡት ማመልከቻ መልስ ያገኙት በ2024 ሲሆን፣ የተፈቀደው በ10 ዓመት እስከ 25 ነው። ቆጠራው ከዚህ በላይ ከወረደ አደኑ ይቁም እላለሁ፤ ውሉ ግን ይከበር። አያቶቻቸው ማንም ሳያስገድዳቸው አቁመው ያውቃሉ።

ለመሄድ ካሰባችሁ ግማሽ ቀን ያዙ፤ ልጆችም ውሰዱ። ውስጥ በጥንቱ አሠራር የተሠራ ረጅም ቤት አለ፤ ገብታችሁ ጨለማውን ዓይናችሁ እስኪለምደው ጠብቁ። የኦዜትን ዕቃዎች አስቀድሙ፣ ታንኳዎቹን አስከትሉ፣ አጽሙን መጨረሻ ላይ እዩት። እኛ ተገላቢጦሽ ጀምረን ዞረን መመለስ ነበረብን።