ዲጂታሉ የፋይበር ረብሻ ማጥፊያ፦ ከስምንት ወራት አገልግሎት በኋላ

በፋይበር (ብርሃን በሚያስተላልፍ ቀጭን የመስተዋት ገመድ) የሚላክን የሌዘር ድግግሞሽ ከመንገድ ረብሻ የሚያጸዳውን ይህን ዲጂታል መቆጣጠሪያ ከ50 ኪሎ ሜትር ፋይበር ጋር ካገናኘሁት ስምንት ወር ሞላው። የፋይበሩ ሁለት ጫፎች እኔው ላቦራቶሪ ውስጥ ስለሆኑ የተላከውን የሌዘር ድግግሞሽ ከደረሰው ጋር ጎን ለጎን አስተያያለሁ።

ፋይበር ከመሬት በታች ዝም ብሎ የተኛ ይመስላል እንጂ ዕረፍት የለውም። የተሽከርካሪ ንዝረት ያንቀጠቅጠዋል፤ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲጨምር ደግሞ በየኪሎ ሜትሩ 37 ፒኮ ሰከንድ ገደማ መዘግየት ይመጣል። መሣሪያው ከሩቁ ጫፍ በመስተዋት የተመለሰውን ብርሃን ከተላከው ጋር ያነጻጽርና፣ የደርሶ መልሱን ስሕተት ግማሽ የብርሃኑን ድግግሞሽ በድምፅ ሞገድ በሚለውጠው አኩስቶ ኦፕቲክ ሞዱሌተር በኩል ገና ሲላክ ይቀንሰዋል። ዘዴው ከ1994 ጀምሮ የታወቀ ነው፤ እዚህ ስሌቱን የሚሠራው ኤፍፒጂኤ የተባለ፣ ውስጣዊ አሠራሩ እንደ አስፈላጊነቱ ሊዋቀር የሚችል ቺፕ ነው።

የቀድሞው አናሎግ ሰሌዳዬ ፌዙ (የብርሃን ሞገዱ በዙሩ ውስጥ ያለበት ቦታ) በኃይል ሲወዛወዝ አንድ ሙሉ ዙር ይዘልል ነበር። ጠዋት መዝገቡን ስከፍት ቀጥ ማለት የነበረበት መስመር እንደ ደረጃ ተሰብሮ አገኘዋለሁ፤ የሌሊቱ ልኬት ከንቱ ቀረ ማለት ነው። ይህኛው ዙሮቹን እየቆጠረ ይከተላል። ከባድ መኪና ሲያልፍ መስመሩ ይርገበገባል፣ ግን ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህን ባየሁበት ጠዋት የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም።

በሦስተኛው ወር ግን እሱም ስቷል። የብርሃኑ ፖላራይዜሽን (ሞገዱ የሚርገበገብበት አቅጣጫ) ቀስ በቀስ ዞሮ ሲግናሉ እስኪጠፋ ደከመ፤ የማይታይ ነገር ደግሞ ማንም ሊቆጥር አይችልም። ደግነቱ መሣሪያው የሲግናሉን ጥንካሬ ከነሰዓቱ ስለሚመዘግብ የተበላሸውን ክፍል ለይቼ ጣልሁ። ተራውን መስተዋት ይህን የፖላራይዜሽን መዞር በሚያካክስ የፋራዴይ መስተዋት ከተካሁ ወዲህ ችግሩ አልተደገመም።

ቅር ያሰኘኝ ማቀዝቀዣ ፋኑ ነው። ንዝረቱ በጠረጴዛው በኩል ወደ አጫጭሮቹ ፋይበሮች ይገባል፤ እነዚህ ደግሞ መሣሪያው ከሚያርመው መንገድ ውጭ ናቸው። ሣጥኑን ወደ ሌላ መደርደሪያ አዛወርሁት፣ ፋይበሮቹንም አሳጥሬ በስፖንጅ ሸፈንኋቸው። አምራቹ ይህን በመመሪያው ላይ መጻፍ ነበረበት።

ዲጂታል ስለሆነ የብርሃንን ፍጥነት ያሸንፋል ብላችሁ ግን አትግዙት። በ50 ኪሎ ሜትር የአንድ መንገድ ጉዞ 250 ማይክሮ ሰከንድ ስለሚፈጅ የእርማቱ ጣሪያ 1 ኪሎ ኸርዝ (በሰከንድ አንድ ሺህ ንዝረት) ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ልግፋህ ስለው ራሱ መወዛወዝ ይጀምራል። በ100 ኪሎ ሜትር ጣሪያው በግማሽ ይወርዳል። ሌሊቱን ሙሉ ሳይቋረጥ መለካት ለሚፈልግ ሰው ግን ያለማመንታት እመክረዋለሁ።