ሐይቅ ከልጆች ጋር፦ ጀልባው ይቅደም፣ ዓሣው ይከተል

ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ተነስቶ ልጆቹን የዱር ፍጥረት በቅርብ አሳይቶ ማታ ቤቱ መግባት ለሚፈልግ ቤተሰብ ከሐይቅ ከተማና ከአጠገቧ ካለው ሐይቅ የተሻለ ቦታ የለም። ቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ፓርክ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ አለው፤ ግን ማደር ስለሚጠይቅ ለደርሶ መልስ አይሆንም። ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። የሚያሳዝነው አብዛኛው ሰው ቀኑን ገልብጦ መያዙ ነው። ረፋድ ላይ ተነስቶ ለምሳ ይደርሳል፣ ዓሣውን ይበላል፣ ከዚያ ጀልባ ይጠይቃል። በዚያ ሰዓት ነፋሱ ተነስቷል፣ ውሃው ይናጣል፣ ወፎቹም ጥላ ይዘዋል።

ስለዚህ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከደሴ ውጡ። መንገዱ ቦሩ ሜዳን አልፎ ቁልቁል ይወርዳል። ከኮምቦልቻ ለሚነሱ የዶሮ መዝለያ ዳገት አለ፤ የተጫነ መኪና ከፊት ከገባ ማለፊያ የለምና አንድ ሰዓት ጨምሩ። ከሐይቅ ከተማ እስከ ውሃው ባጃጅ ያደርሳል። ኮንትራት ስትይዙ ዋጋው የመሄጃ ብቻ ይሁን የመመለሻም ጭምር፣ ሳትሳፈሩ ለዩ።

የቀኑ ማማር የሚወሰነው በጀልባው ነው። ዋጋው በሰው ነው በጀልባ? ስንት ደቂቃ? እስከ የት? ይህ ሁሉ እግር ጀልባው ላይ ሳያርፍ ያልቃል። ቀጥሎ የመንሳፈፊያ ጃኬት ነው። የአዋቂ ጃኬት ለልጅ አይሆንም፤ ውሃ ውስጥ ጃኬቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ልጁ ወደ ታች ይንሸራተታል። ካሰራችሁለት በኋላ በትከሻው በኩል ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት፤ ጆሮውን ካለፈ ሰፍቶታልና ሌላ ጠይቁ። ከሌለ ልጁን ይዛችሁ ዳር ላይ ቅሩ፤ ሐይቁ ጥልቅ በሆነበት 88 ሜትር ይደርሳል። ልጆች ከመሐል፣ ዝቅ ብለው ይቀመጡ።

ሞተሩ እየጮኸ ወፍ ማየት አይቻልም። ደንገሉ ጋ ከመድረሳችሁ 50 ሜትር ቀደም ብላችሁ «ወንድሜ፣ ሞተሩን አጥፋልንና በመቅዘፊያ እንጠጋ» በሉ። ለፎቶ ብሎ መንጋውን የሚያስበረግግ ጀልባ ነጂ ካጋጠማችሁ ተዉ በሉት፤ ጎጆዋን ጥላ የተነሳች ወፍ እንቁላሏን ለቁራ ትታ ነው የምትሄደው።

ረጃጅሞቹን ዛፎች ቃኙ። ጭንቅላቱና ደረቱ ነጭ፣ ክንፉ ጥቁር የሆነው ዓሣ በል ንስር ነው፤ ሲጮህ አንገቱን ወደ ኋላ ይጥላል። ዓሣውን በጥፍሩ ከውሃው ገጽ ላይ ይነጥቃል እንጂ ራሱ አይጠልቅም። ጥቁርና ነጩ ትንሽ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ግን አየር ላይ ባለበት እየተርገበገበ ቆይቶ እንደ ድንጋይ ይወርዳል። ክንፉን እንደ ልብስ ዘርግቶ የቆመ ጥቁር ወፍ ካያችሁ ለልጆቹ ምክንያቱን ንገሯቸው፦ ላባው ውሃ ይመጥጣል፣ ያም ጠልቆ ለማደን ይረዳዋል፤ ሲወጣ ግን ፀሐይ ላይ ማድረቅ አለበት። ከጥቅምት እስከ የካቲት የአውሮፓን ብርድ የሸሹ የውሃ ወፎች ወደ አገራችን ሐይቆች ስለሚወርዱ ጥሩው ጊዜ ያ ነው።

አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አያስገባም። ይህን ደጃፍ ላይ የሚሰማ ቤተሰብ ይከፋዋል፤ አባትና ወንዶቹ ሲገቡ እናትና ሴቶቹ የት እንደሚቆዩ ከቤት ተነጋገሩ። ቦታው ድሮ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ስለተያያዘ በእግርም ይደረሳል።

አሁን ምሳ። ለልጅ ሙሉ የቆሮሶ ጥብስ አትዘዙ፤ የጎኑ አጥንት ቀጭን ነው፣ ጉሮሮ ላይ ይሰካል። አጥንቱ የወጣለት ጉላሽ ወይም የአምባዛ ሥጋ ይሻላል። ለአዋቂ ግን ጎኑ በቢላ ተበጣጥቶ፣ ዘይቱ በደንብ ግሎ የተጠበሰ ቆሮሶ ከዳጣና ከሎሚ ጋር እዚህ ወደር የለውም። ዘይቱ ሳይግል ከገባ ቆዳው ይልፈሰፈሳል፣ ዘይት ይጠጣል፤ እንዲህ ሆኖ ከመጣ መልሱት።

በውሃው መጫወት ግን ክልክል ይሁን። በሐይቅ አካባቢ በትል የሚመጣው ቢልሃርዚያ አለ። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል ይገባል፤ ሣር የበዛበት ጥልቀት የሌለው ዳር ላይ እግር መንከር ብቻውን ይበቃዋል። ልጁ አምልጧችሁ ከገባ ወዲያው በፎጣ አድርቁት፤ ግን በዚያ አትተማመኑ። ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ የሰገራ ምርመራ አስደርጉለት። ቶሎ የተደረገ ምርመራ ትሉ ገና እንቁላል ስላልጣለ ነፃ ነው ሊል ይችላል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው።

የእጅ መታጠቢያ ውሃና ሳሙና፣ የቆሻሻ ፌስታልም ያዙ። ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የተጣለ ፕላስቲክ ሁሉ እዚያው ይቀራል።

ለመመለስ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ከተማው ውስጥ ሁኑ። ከወልድያ በኩል የሚመጣው መኪና ብዙ ጊዜ ሞልቶ ነው የሚያልፈው፤ ከዚያው ከሐይቅ የሚጭነውን ሚኒባስ ጠብቁ። የልጆቹን ሹራብ ከሻንጣው ላይኛው በኩል አድርጉት፤ ሐይቅ ላይ አልቧቸው የነበሩት ቦሩ ሜዳ ሲደርሱ ይንቀጠቀጣሉ።